አሥራ ሰባት ቡሎን

ከአቃቂ ተገንጥላ፣ ጨፌውን አቋርጣ
ወደ ድንጋይ ካባው ታዘግም የነበረች
አንዲት ጠባብ ሐዲድ
ሰኔ ላይ፣ ማክሰኞ፣ ሳትሰናበት ቀረች።

«ነገ» አሉን፤ «ከርሞ» አሉን፤ «በጀት» አሉን ኋላ፤
የትኬቱን መስኮት ሸረሪት ዘጋችው፣ በሩን ምስጥ በላ።

ሰው ደግሞ ባዶ ቦታ አይወድም።
በርበሬ ተሰጣ በብረቱ ግለት፣
በግ ታሰረበት፤
ዘነበወርቅ ፉርጎው ውስጥ ጠላዋን ጠመቀች፤
ተጋዳሚው እንጨት ለአጥር፣ ለጣራ
ሌሊት ሌሊት ሄደ፣ ማንም ሳይጣራ።

እኔስ መቼ ተረፍኩ?
በአባቴ መፍቻ፣ በአሥራ አንድ ዓመቴ
ቡሎን እፈታለሁ፣ ለቆራሌው ልሸጥ፤
ድምፁን ስሰማ ልቤ ቀድሞኝ ሲሮጥ።
በአራቱ ደብተር፣ በሁለቱ ብስኩት፣
በስድስቱ ኳስ (ሳያድር ሚስማር ወጋው)፣
በአራቱ ለእናቴ የራስ ምታት ክኒን።
አንዱን ግን «ጥርሱ አልቋል» ብሎ ቆራሌው ናቀው፤
እናቴ ወሰደች፣ ነጭ ሽንኩርት ልትወቅጥበት።

ጋሽ ጎንፋ ብቻ፣ ሐዲድ ቀያሪው፣
ደመወዝ የሌለው፣ አለቃ የሌለው፣
ቅዳሜ ቅዳሜ ዘይት ይዞ ይወጣል፤
መዘውሩን ይቀባል፣ ይገፋል፣ ይመልሳል፣
ለማይመጣ ባቡር መንገድ ይለውጣል።
«አበደ» አልን። ሚስቱም አለች።

አንድ ቀን ጆሮዬን ይዞ አቆመኝና
ከደረት ኪሱ የዛገ ደብተር አወጣ፦
«ስምህ እዚህ አለ። አየህ? ተጽፈሃል።
አሥራ ሰባት ቡሎን ለባቡሩ አለብህ።»
ሳቅሁ። የቱ ባቡር?

ዘንድሮ ቀያሾች በቢጫ ሰደሪያ
መጡ፤ ቀን ሠራተኛ ሲፈልጉ እኔም ገባሁ።
በጉ ተፈታ፣ በርበሬው ተነሣ፤
ዘነበወርቅ ጋኖቿን በጋሪ ጭና
«ድሮም የሱ ቤት ነው» አለች፤ አላለቀሰችም።
መዘውሩ ጋ ስንደርስ
ኢንጂነሩ «ይሄ ዝጎ ነው የሚሆነው» ብሎ መዶሻ አነሣ፤
ገና እጁን ሲያሳርፍ እንደ ቅቤ ዞረ።
«ማነው ዘይት የሚቀባው?» አለ።
ሁላችንም መሬት መሬት አየን።
ጋሽ ጎንፋን የቀበርነው የካቲት ላይ ነበር።

እኔ ቡሎን አሰርኩ፣ በለሆሳስ እየቆጠርኩ፤
አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት...
አሥራ ሰባተኛው ላይ፣ ከጠበቀም በኋላ፣
መፍቻውን ሳልነቅል ቆየሁ።

አሁን በቀን ሁለቴ ድንጋይ ጭና ታልፋለች።
ጡሩምባዋ ሳይሰማ፣ ውሻም ሳይጮኽ ገና
ከእናቴ መደርደሪያ
ያ ጥርሱ ያለቀ ቀድሞ ይንቀጠቀጣል፤
እሷም በመዳፏ ትይዘዋለች፣
እስክታልፍ ድረስ።