ጥያቄ ቁጥር ዐሥራ አራት

ረቡዕ ሊነጋ ሲል፣ ሐይፋ በእንቅልፍ ሳለች፣
የአባቴ መብራት ግን ቀድማ በርታ ነበረች።
ኮቱን አራገፈ፣ በሰርጌ የለበሰው፣
እጁን ኪሱ ቢሰድ አሮጌ ለውዝ ደረሰው።
«ዛሬ ነው» አለና ወረቀቱን አጠፈ፣
ደጋግሞ በማየት ጠርዙ የተቀረፈ።
ስሙ ፈጠነ ነው፤ ጉዳዩ ግን ዘግይቶ፣
ሦስት ጊዜ ተላልፏል፣ ከዝርዝሩ ወጥቶ።

የፓርላማው አጀንዳ። ከላይ ትልልቆቹ፦
የበጀት ማሻሻያ፣ ለሁለተኛ ንባብ፤
በመንግሥት ላይ እምነት ስለ ማጣት፣ የሁለት ሰዓት ክርክር፤
ከውጭ በሚገባ ቴምር ላይ ስለሚጣል ቀረጥ፣ ረቂቅ፤
የሆስፒታል አልጋ እጥረት፣ አስቸኳይ ሐሳብ፤
ስለ ንብ ቀፎ ስርቆት፣ ለመጀመሪያ ንባብ።
(እዚህ ላይ አባቴ ሳቀ። «ንቦቹን ማን ጠየቃቸው?»)
ከዚያ ከግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፣
ጥያቄ ቁጥር ዐሥራ አራት፣ ለትራንስፖርት ሚኒስትር፦
ስለ አውቶቡስ ቁጥር ዘጠኝ።

ከፋሲካ ወዲህ ዘጠኝ ቁጥር ቀረ፣
ቤታችን ግን ያው ነው፣ ዳገት ላይ እንዳደረ።
ክሊኒኩ ከታች ነው፣ ገበያውም ከታች፤
መውረዱስ ይወረዳል፣ እናቴም ትወርዳለች፣
መመለሱ ነው እንጂ! በዚያ ጉልበት ወጥታ
ጧት የጀመረችውን ትጨርሳለች ማታ።
አባቴ ቆጠረው አንድ ቀን በትዕግሥት፦
ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት።
«ቁጥሩን ጻፊ» አለኝ፣ «ሌላውን ሁሉ ተዪው፤
ቁጥር አይከራከርም፣ ማንም አያጣምመው።»
ጻፍኩት በዕብራይስጥ፣ ላክሁት ለእንደራሴዋ፤
መልካም ሴት ናት እሷ፣ ብዙ ነው ጣጣዋ።

ኢየሩሳሌም ደረስን።
ፍተሻ፣ መታወቂያ፣ ቀበቶ ማውለቅ፤
ለውዙ እንኳ ሳይቀር በማሽን አለፈ።
ከመስታወት ጀርባ አስቀመጡን።
ማጨብጨብ ክልክል ነው። መነሣት ክልክል ነው።
እነሱ በማይክሮፎን ይናገራሉ፣
እኔ በጆሮው ሹክ እላለሁ፤
አባቴ ከንፈራቸውን ያያል፣ ከዚያ የኔን፣
አንዱ ሌላውን የሚያጭበረብር ይመስል።

ከመቶ ሃያ ወንበር ዐሥራ አንዱ ሰው አለው፣
ከዐሥራ አንዱም ሰባቱ ስልኩን ነው የሚያየው።
«የት ሄዱ?» «ኮሚቴ ላይ ስብሰባ አላቸው።»
«ይሁን፣ እግዜር ያግዝ፤ ደረጃ የላቸው።»

ዐሥራ አራት ተጠራ።
እንደራሴዋ ቆማ በአንድ ትንፋሽ አነበበች፦
«የአንድ ነዋሪ ቅሬታ፣ ስለ ተደራሽነት።»
አለቀ።
አባቴ ክርኔን ነካ። «ቁጥሩስ?»
ከተፈቀደው ቃል በልጦ ነበር፤ ጽሕፈት ቤቱ አሳጥሮታል።
ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ደረጃ
አንድ ወጣት ጸሐፊ በአንድ ጣቱ አፈረሰው።

ሚኒስትሩ አልመጡም፤ ምክትላቸው ቆመው፣
«ጉዳዩ እየታየ ነው» አሉ፣ ውሃ ቀምሰው።
ተረጎምኩለት።
«ማን ነው የሚያየው?» አለ አባቴ፣ በእውነት ግራ ገብቶት።
«እኔ እዚያው ነኝ ሁልጊዜ፣ ከደረጃው ሥር ተቀምጬ እሷን ስጠብቅ፤
ሊያይ የመጣ ሰው አላየሁም።»
ቀጥሎ ዐሥራ አምስት ተጠራ።

ማታ አውቶቡሱ ከታች አራገፈን።
ደረጃው ሦስት ቦታ ላይ ማረፊያ አለው።
መጀመሪያው ላይ ቆመ፣ ልቡን በመዳፉ ይዞ፦
«የመጀመሪያ ንባብ» አለ።
ሁለተኛው ላይ ትከሻዬን ተደገፈ፦
«ሁለተኛ ንባብ። ማሻሻያ አለ፣ መደገፊያ ብረት ይግባለት።»
ሦስተኛው ላይ ብዙ ቆየ።
ከዚያ ቀኝ እጁን አነሣ፤ እኔም አነሣሁ።
ተቃውሞ የለም። ድምፀ ተአቅቦ የለም።
አንዲት ድመት ብቻ ከቆሻሻ ገንዳው ላይ ሆና
ጉዳዩን እያየችው ነበር።

በሩ ሳይከፈት የእናቴ ድምፅ መጣ፦
«ፈጠነ! እህስ፣ መለሱልህ?»
አባቴ ያንን ለውዝ ከኪሱ አወጣ፣
አገላብጦ አየው፣ መልሶ ከተተው።
«አዎን» አለ፣ ጫማውን እየፈታ፣
«መለሱኝ።»