መቶ ሃያ

ከሚኒሶታ በመርከብ፣ በኮንቴይነር ታሽጋ፣
ሰሜን ፊንላንድ ገባች ፒካፗ፣ ዝገቷን በቀለም ሸሽጋ፤
ገመድ ወጥቷል ከፍርግርጓ፣ እንደ ምላስ ተንጠልጥሎ፣
ጽሑፍ አለው፦ «መቶ ሃያ»፤ ከዚያ በላይ አትስጡኝ ብሎ።

የሳቩኮስኪ ምሰሶ ግን፣ ሁለት መቶ ሠላሳ ነው የሚያውቀው፤
እንግዳ ናት ብሎ አይቀንስ፣ ያለውን ነው የሚለቀው።
አምና ኦይቫ ቸኩሎ፣ ሶኬት ቀይሮ ሰካ፤
ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ፣ አራት እጥፍ ኖሯል ለካ።
የጎማ ጢስ ሸተተን። ማሞቂያው ተቃጠለ።
ቆቡን አወለቀና፣ «ደግነትም ሲበዛ...» ብሎ፣ ዝም አለ።

ዘንድሮ አዲስ ማሞቂያ ገጠመ። ሄልቪ መጣች፣
የማዕድን ጉድጓዱ ኤሌክትሪሻን የነበረች፣
በልጅ መንሸራተቻ ትራንስፎርመር እየጎተተች።
ክብደቱ የጥጃ፣ ቢጫ ቀለሙ የተላላጠ፣
በአንድ ወገን ጠጥቶ፣ በሌላው ለክቶ የሰጠ።
«አስተርጓሚ ነው» አለች፣
«ጩኸቱን በሹክሹክታ የሚነግር ለእንግዳ።»

ሌሊቱን ሙሉ አጉረመረመ፣ ከግድግዳዬ ማዶ፤
እንቅልፍ አጥቼ በመስኮት ሳይ፣ በዙሪያው ቀልጧል በረዶ፣
የሳህን ያህል መሬት ታይቷል፤
የማን እንደሆነች የማላውቃት ድመት እዚያ ተኝታለች።

ጠዋት፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት፣ ኦይቫ ቁልፉን አዞረ፤
ሞተሩ አንዴ ሳለ፣ ተንቀጠቀጠ፣ አጓረ።
የት ይሂድ? አላሰበበትም።
መንሸራተቻዋን ልትወስድ የመጣችውን ሄልቪን
ቤቷ አደረሳት።
ቤቷ ሁለት መቶ ሜትር ነበረ።