ዘጠኝ ከሩብ

ከአዌቱ ወዲያ ማዶ፣ ስምንተኛ «ለ»፣
ሰኔ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፤ ዝናቡ ቀጠለ።
ስፒከሯን እንደ ሕፃን አቅፌ በዴስኮች መሀል ስዞር፣
ከሆዷ አንድ እንግሊዛዊ ያወራል ስለ ባቡር።
ጅማ ባቡር የለም።
እሱ ግን ዝም አይልም።

አንዴ አሰማኋቸው፤ ደገምኩ፤ ሠለስኩ።
ኢፍቱ ዐይኗን ጨፈነች፣ ከጨለማው ልትለቅመው፤
ሙኒር የኔን ከንፈር ያያል፣ ድምፁ ከሱ የሚወጣ ይመስል።
«ሁሉን አትልቀሙ» አልኩ፣ «ቡና ለቅማችሁ አታውቁም?
ቀይ ቀዩን ብቻ፤ ጥሬው ቅርንጫፉ ላይ ይቅር።
አሁን ጻፉ፦ ባቡሩ የሚነሳው ስንት ሰዓት ነው?»

ማታ ወረቀት ሳርም፣ «ዘጠኝ ከሩብ»፣ «ዘጠኝ ከሩብ»፣
አርባ አንድ ልጅ፣ አንድ መልስ።
ተማም ብቻ ጻፈ፦ «ሦስት ሰዓት ከሩብ»።
ኤክስ አደረግሁበት።
ሻዬን ፉት አልኩ። እጄ ቆመ።

ተማም ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ነው፤
«አጋሮ! አጋሮ! አንድ ሰው የቀረው!» ብሎ ጮሆ ነው የሚመጣው።
ሰዓት የሳተ ረዳት መንገደኛ እንደሚያስቀር ያውቃል፤
የፈረንጅ ዘጠኝ በኛ፣ ጠዋት ሦስት ይባላል።
ሌሎቹ ቃሉን ያዙ፤
እሱ ባቡሩን ጎትቶ አስገባው፣ ከነጭሱ፣ ጅማ ድረስ።

ከኤክሱ ጎን ራይት ጨመርኩ፤
ኤክሱን መፋቅ ግን አቃተኝ፤
የመልሱ ቁልፍ ዘጠኝ ይላል፤ ፈተናውም ዘጠኝ ይላል።

በነጋው ወረቀቱን ይዞ ፊቴ ቆመ፤
አንድ ነገር ጠየቀኝ።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጣል።
«ድገምልኝ» አልኩት።
ደገመ።
ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠግቼ፣
«እስቲ አንዴ ደግሞ።»