የጓደኛዬ ስልክ

ፊንላንድ፣ ኦውሉ ውስጥ፣ ከወንዙ ድልድይ ሥር፣
ስልክ እጠግናለሁ፤
ሰው በበረዶው ላይ ተንሸራቶ ሲነሣ፣ ስልኩ ወድቆ ሲቀር።

የከተማው ነገር ከሁለት ተከፍሏል፤
ግማሹ «ሬቮን» ነው፣ ግማሹ «ካልደር» ብሏል።
ሬቮን የአገር ልጅ፣ ባገሩ የነገሠ፣
የስንቱን ሰው ጎጆ በደሞዝ የቀለሰ፤
ካልደር ከባሕር ማዶ፣ በማስታወቂያ የመጣ፣
ቀጭን፣ አብረቅራቂ፣ ዋጋው ዐይን የሚያወጣ።
ምርጫው ቀልድ እንዳይመስልህ፤ እዚህ እንደ ማተብ ነው፤
ስልክ የቀየረ ሰው፣ ሃይማኖት እንደ ለወጠ ነው የሚታየው።

ፔንቲ ካልደር ገዛ ባለፈው ጥቅምት ላይ፤
ጎረቤቱ ኡርሆ፣ ሰላምታውን ነፍጎ፣ ቀና አለ ወደ ሰማይ።
ዐርባ ዓመት ቅዳሜ፣ ሳውና አብረው ገብተው፣
በአንዲት ስልክ ምክንያት ለየብቻ አላባቸው።

ኡርሆ ማለት ማነው?
ሃያ ስድስት ዓመት ሬቮን የገጣጠመ፣
ፋብሪካው ሲዘጋ ባርኔጣውን አውልቆ፣ በሩ ላይ እንደ ሐዘንተኛ የቆመ።
የሥራ መታወቂያው ዛሬም ከደረቱ፣
የሬቮን ምልክት የተጠለፈበት ሹራብ የክቱ።
ዓርብ ዓርብ ይመጣል ባትሪ ለማስቀየር፤
ግድግዳዬ ላይ የተሰቀሉትን ካልደሮች አይቶ ይጀምራል መማረር፦
«ይህን ዘወር አድርግ! በእኔው ላይ አይተንፍስ፤
ጉንፋን አስይዞብኝ ሌሊት እንዳያስነጥስ!»
እስቃለሁ።
እሱ አይስቅም።

የካቲት ላይ አንድ ማታ፣ መንገዱ ጭር ብሎ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ፣
ኡርሆ ከች አለ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ።
ግራ ቀኝ ገላመጠ። ከካፖርቱ ኪስ የሱፍ ካልሲ አወጣ፤
ከካልሲው ውስጥ ደግሞ፣ እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጣጠቀ ካልደር! ጉድ መጣ!
«የጓደኛዬ ነው» አለኝ፣ ጣራውን እያየ።
«ቁጥሩን ታውቀዋለህ?» ስለው፣ ጣቱ አልዘገየ፤
ስድስቱንም ሳያይ መታ።
ከስንጥቁ ኋላ ጥርሰ ወላቃ ሕፃን ስትስቅ ታየች፤
«ኦና ትባላለች፤ የጓደኛዬ የልጅ ልጅ፤ ሊዝበን ነች።
በሬቮን ብትደውል ድምፅ እንጂ መልክ አይመጣም፤
ጓደኛዬ ምን ያድርግ? ሕፃን በስልክ ምክንያት አይቀጣም።»

ከፈትኩት።
ቀን የፈታሁት ሬቮን አጠገቡ ተኝቶ ነበር፤
ሁለቱን በማጉያ ባይ፣ ያው አንድ ናቸው፤ ከስሙ በቀር።
ካሜራው ካንድ አገር፣ ባትሪው ካንድ እናት፣
ብሎኑም ያው ብሎን፤ አንድ ማሽን የቆረጠው ባንድ ሌሊት።
ሰሙ ነው የተለያየው፤ ወርቁማ፣ ያችው ቅንጣት ወርቅ፣
በሁለቱም ሆድ ታበራለች፣ ባላንጣ መሆኗን ሳታውቅ።

ልነግረው አፌን ከፈትኩ።
ግን እኔስ? ዐሥራ ሁለት ዓመት ያንኑ የጀርመን መፍቻ የያዝኩ፣
ሌላ ስም ያለበት ቢያቀብሉኝ፣ እሳት እንደ ነካው እጄን የሰበሰብኩ!
ደግሞስ ኡርሆ የሚወደው ስልኩን ነው? ወይስ የድሮ እጁን፣
ከፔንቲ እጅ ተቀብሎ፣ በደቂቃ አራት ሲገጣጥም የነበረውን?

ዝም አልኩ። መስታወቱን አለበስኩት።
«ለጓደኛህ ንገረው፤ ስልሳ አምስት ዩሮ ነው።»
ከፈለ። ካልሲው ውስጥ መልሶ፣ እንደ ጫጩት ከደረቱ ሥር ሸጎጠው።
በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ፤
መንገደኛ እንዲሰማ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣
«ካልደር ግን ቆሻሻ ነው!» አለ።

ይህን ብሎ ሳይጨርስ፣ ካልሲው መጥራት ጀመረ፤
ኡርሆ በሰባ አንድ ዓመቱ፣ በበረዶው መሐል እየሮጠ ከዐይኔ ተሰወረ።
«ቀስ በል! ያንሸራትታል!» ብዬ ጮኽኩ፤
ማን ሊሰማኝ።