ደንገሉ የት ይግባ?

የቤተ ሙከራው ቁልፍ ከጠፋ ሦስት ዓመቱ፤
ቢገኝም አይረባን፣ በተሰበረ ወንበር ተሞልቷል ቤቱ።
እኔም አምስተኛ «ለ»ን፣ ማክሰኞ ከእረፍት መልስ፣
በሰልፍ ይዤ ወረድኩ፣ ከሽምብጥ ቁልቁል፣ ጣና ዳር ድረስ፤
አርባ ሁለት ልጆች፣ ከሰል ከነማንደጃ፣
ጣሳ፣ ጨው፣ ሻማ፣ ፊኛ፤ መንገደኛው ሲያየን፦ «ምን ሊሸጡ ነው? እንጃ!»

ከሾላው ግንድ አስደግፌ ጥቁር ጣውላ አቆምኩ፤
መሀሉን በጠመኔ ቀጥ አድርጌ ከፈልኩ፦
ቀኙ «ፊዚካዊ፤ ይመለሳል»፣ ግራው «ኬሚካዊ፤ አይመለስም»።
መጽሐፉ ያለው ይህን ነው፤ ሦስተኛ ቤት የለም።

ጨዉን ውሃ ውስጥ ጨመርን፣ አማሰልን፣ ጠፋ።
«የት ገባ?» ስላቸው ቢተው ጣቱን ነክሮ ላሰና ተፋ፤
«አለ» አለ፣ «እዚሁ ነው፣ እንደ ሌባ ተከልሎ»።
ጣሳውን ጣድነው፤ ውሃው ተነነ ተንተክትኮ በስሎ፤
ከጣሳው ግርጌ ላይ ነጭ ቅርፊት ቀረ፣
የአርባ ሁለት ልጅ ምላስ ምስክር ነበረ።
ሻማው ቀልጦ ሲያበቃ ጣታችን ላይ ረጋ፤
ከዓሣ ነጋዴዎቹ የለመንነው በረዶ፣ ገና ጎህ ሲነጋ፣
ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ቀለጠና ውሃ ሆነ፤
የሰሌዳው ቀኝ ሞላ፤ የክፍሉ ልብ ተማመነ።

ለሚቃጠል ወረቀት ይታይሽ እጇን አወጣች፤
የሒሳብ ፈተናዋን፣ አራት ከሃያውን፣ ከደብተሯ መዝዛ አመጣች።
«የማይመለስ ከሆነ ይሄ ይሁን» አለች፤
አመዱን ንፋስ ወደ ሐይቁ ሲወስደው እጇን አወዛውዛ ሸኘች።
«እርግጠኛ ነዎት ቲቸር?»
«እርግጠኛ ነኝ» አልኩ።
ያን ጊዜ ነበርኩ።

ሎሚና ሶዳ ጠርሙስ ውስጥ ተገናኝተው ሲንጫጩ፣
ፊኛው ትንፋሽ ሳያየው አበጠ፤ ልጆቹ አጨብጭበው አፏጩ።
በዚያ ጫጫታ መሀል እንዳላማው፣ የታንኳ ሠሪው ልጅ፣
ዓመቱን ሙሉ ጥግ ይዞ ዝም ከማለት በቀር የማያውቅ እንጂ
ጥያቄ የማያውቅ፣ ከባሕሩ አፍ አንድ እርጥብ ደንገል ቆርጦ፣
ካባቱም ክምር አንድ ደረቅ መርጦ፣
ሁለቱን በሁለት እጁ እንደ ሚዛን ይዞ መጣ፦

«ቲቸር፣ አባቴ ደንገሉን ፀሐይ ላይ ያደርቃል፤
የሚወጣው ውሃው ብቻ ነው፣ ይሄን ማንም ያውቃል።
ታዲያ ውሃውን ብመልስለት ይለመልማል ወይ?
ካልለመለመስ የት ይግባ? ቀኝ ነው? ግራ? ወይስ ሌላ ላይ?»

ጠመኔው ጣቴ መሀል ቀረ።
መጽሐፉን ገለጥኩ፤ ስለ ዝገት፣ ስለ እርጎ ነበረ።

«አላውቅም» አልኩ።
አሥራ ስድስት ዓመት ሳስተምር
«አላውቅም» ብዬ አላውቅም።

ደረቁን ደንገል ባልዲ ውስጥ አቆምነው።
ረቡዕ ጠጣ፣ ከበደ።
ሐሙስ ወገቡ ጎበጠ።
ዓርብ መስኮት አስከፈተን።
ሰኞ ጫፉን ብነካው
ጣቴ ላይ እንደ አጥሚት ላመ።
አልለመለመም።
ግን አመድም አልሆነ።
ወንድሙ፣ ያው ካንድ ክምር የደረቀው፣
ዛሬም ጠዋት እንዳላማውን ከነደብተሩ
ተሸክሞ ከማዶ አምጥቶታል፤
ቂጡ ብቻ ትንሽ ረጥቦ።

እንዳላማው ጠመኔ ለመነኝና
ከመሀለኛው መስመር ላይ «ደንገል» ብሎ ጻፈ፤
የ«ደ» አንድ እግሯ ቀኝ፣
አንድ እግሯ ግራ።

የወረዳው ሱፐርቫይዘር መጥቶ አየ።
«ይሄ ስህተት ነው» አለኝ፣ «አጥፋው»።
ዳስተሩን አነሳሁ።
አርባ ሁለት ልጆች ትንፋሻቸውን ያዙ።
ዳስተሩን መልሼ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ከሦስተኛው ወንበር
ይታይሽ ቀስ ብላ፣ ፊቷ ልውጥውጥ እንዳለ፦
«ቲቸር... ፈተናዬስ?»