የማን ነው?

አባቴ ወንድይራድ፣ የእነዋሪ ሰው፣
ሞትን እንደ ክረምት ከሩቁ አሽትቶ ጣራውን አደሰው።

ሰባ ስድስት ሞልቶት፣ ሳይነጋ ጎህ ሳይቀድ፣
«አጸደ ተነሺ፣ ደብረ ብርሃን እንሂድ።»
የጅሩ ጥቁር ጭቃ ጎማውን ሲይዘው፣
ሾፌሩ ሲራገም፣ አባቴ ዝም ነው፤
ጋቢው ውስጥ በላስቲክ የጠቀለለውን
ደብተር ይዳብሳል፣ እንደ ሕፃን ልጁን።

ደብረ ብርሃን ብርዱ አጥንት ይቆረጥማል፤
የጸሐፊዋ ጣት ብዕር ላይ ደንዝዟል።
«ኑዛዜ ነው አባት?»
                    «አይደለም የኔ ልጅ።
ኑዛዜ አፉን የሚከፍት እኔ አፌን ስዘጋ ነው እንጂ።»
«ታዲያ ስጦታ ነው?»
                    «ከሰጠሁማ ወጣ፤
ነገ በገዛ ቤቴ ተከራይ ሆኜ ልምጣ?

አደራ ነው ልጄ፣ አደራ ጻፊልኝ።
እኔ እስካለሁ ድረስ ከቤቴ አይንቀሉኝ፤
ወፍጮውም ይፍጭልኝ፣ ኪራዩም ይምጣልኝ፤
ሐሳቤን ብቀይር መቅደድ ይፈቀድልኝ።
የታመምኩ ቀን ግን፣ ነገር የጠፋኝ ቀን፣
አጸደ ትያዘው ቁልፉን፣ ደብተሩን።
ስሞትም አይሸጥ፣ ለባንክ አይያዝ ቤቱ፤
ምንተስኖት ይብላ፣ ይልበስ ከኪራዩ፣ ይታከም በወቅቱ።
እሱ ካለፈ ነው የሚካፈሉቱ።»

ልጅቷ ብዕሯን ከወረቀት አነሣች፤
«ሳይሞቱ እንዲህ ማሰብ አይከብድም?» አለች።
«ሲሞቱ ማሰብ ነው የሚከብደው» አላት።
«ከሞትኩ ወዲያማ ምን ስጦታ አለና?
መወሰድ ነው እንጂ።»
                    ማኅተሙ ወረደ።

ምንተስኖት ታናሼ፣ ዕድሜው ሠላሳ አንድ፣
ብር አይቆጥርም እሱ፣ አይለይም መንገድ።
ከቃል ሁሉ መርጦ አንዲት ጥያቄ ያውቃል።
የደለበ ሰንጋ ገበያ ላይ አይቶ «የማን ነው?» ይላል፤
ደመና ሲጠቁር ከጀማ ሸለቆ፣
ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ «የማን ነው?» ይላል።
አባባ አይሰለችም፤
«የጎረቤት» ይላል፣ «የእግዜር ነው» ይላል።
አንድ ቀን ብቻ፣ የቤታችንን ግድግዳ መታ መታ አድርጎ ሲጠይቀው
አባባ መልስ አጣ።
ያን ለት ይመስለኛል ወረቀት ያማረው።

ከዚያ ስድስት ዓመት ኖረ።
በየዓመቱ፣ ስንዴው ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ፣
ሣጥኑን አስከፍቶ ወረቀቱን ያነባል፤
«ልቅደደው ይሆን?» ይላል፣ ክፍሌን እያየ ይስቃል፤
ይመልሰዋል።

ክፍሌ ታላቄ ነው፤ ስሙ ነው ጣጣው፣
ገና ከእናቱ ሆድ ድርሻዬን ብሎ ነው የመጣው።
በአርባው ማግስት «ይሸጥ» አለ፣ ድንኳኑ ሳይፈርስ።
«አራት በር ኪራይ ለአንድ ሰው?
እሱም ዋጋውን ለማያውቅ?»
ሽማግሌ ቆጠረ። እኔ ወረቀቱን ዘረጋሁ፤
የአባቴ ድምፅ ወጣ፣ ከማኅተሙ ሥር።
ክፍሌ አዳመጠ፣ ከዚያ አለቀሰ፤
«እኔንስ ለምን አላመነኝም?» አለ።
ለዚህ አንቀጽ የለም።

ታዲያ እኔ ታማኟ፣ እኔ ባለ ቁልፏ፣
ባለፈው ጳጉሜን፣
ደብተሩ ላይ «ለወፍጮው ሞተር» ብዬ ጽፌ
ሦስት ሺህ ብር ወሰድኩ፤
ለዕቁቤ ጎዶሎ፣ የቀረው ለጫማ።
እተካዋለሁ ብዬ። ሁሉም እንዲያ ይላል።

አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው ይላሉ።
ሰማይስ ሩቅ ነው።
ምንተስኖት ግን ቅርብ ነው፤
በእንቁጣጣሽ ማግስት፣ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣
አዲሱን ጫማዬን በአንድ ጣቱ ነክቶ
ቀና ብሎ አየኝ።

ወፍጮው ያጉራራል፣ ዱቄቱ ይቦናል፣
ተከራይዋ ልብስ ታሰጣለች፣ ማንም አልሰማንም።

ብሩን በጥቅምት መለስኩት።
ጥያቄውን ገና።