ለአንዲት ቃል የተተወ ቦታ

ፒተርሄድ ወደብ ላይ፣ ከበረዶ ማምረቻው ጀርባ፣
የመቃብር ድንጋይ የሚጠርብ አንድ ሰው አለ፤
ሙርዶ ይሉታል። እነሱ ዘንድ ተራ ስም ነው፤
በእኛ አፍ ግን መርዶ ሆኖ ይወጣል።
ስምን መልአክ ያወጣዋል አይደል፣
መልአኩ አማርኛም ሳይችል አልቀረም።

ዋጋው በፊደል ነው።
ለቁጥር ግማሽ፤ ለነጥብ አያስከፍልም።

ሉዝቪሚንዳ በየካቲት መጣች፣
ከዓሣ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣
የጎማ ቦቲዋን እንኳ ሳትቀይር።
ከጓንቷ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት መዘዘች፦
የባሏ ስም፣ ቴዎዱሎ፣
የተወለደበት ዓመት፣ ያልተመለሰበት ዓመት፣
ከዚያ በእንግሊዝኛ «የጠፋ»፣ ከዚያ «ባሕር»፣
በሁለቱ መካከል በእርሳስ የተሰመረች ባዶ ቦታ።

«ይቺን አንተ ሙላልኝ» አለች፤
«በእኛ ቋንቋ አንዲት ‹ሳ› ትበቃናለች፤
የሄደበትም ሳ፣ ያለበትም ሳ፣ የመጣበትም ሳ።
የእናንተ ግን ብዙ ናቸው፤ አንዷን ስይዝ ሌላዋ ታመልጠኛለች።»

ሙርዶ መዶሻውን አስቀመጠ።
«አት» ነው የሚባለው። አባቱም አያቱም
አት ብለው ነው የጠረቡት፤
እዚያ ኮረብታው ላይ ስልሳ አት ቆሟል።
«አት ምንድን ነው?»
«እንግዲህ... ሥራው ላይ ሳለ እንደማለት።»
«ሥራው ላይማ ነበር። ደመወዙን ግን እስከ ዛሬ አልላኩልኝም።»

ኢን አለ፤ ውስጥ ማለት ነው።
ውስጥ ቢሆን ይገኝ ነበር፤
ጠላቂዎቹ አራት ቀን ፈልገው ይዘው የወጡት አንድ ባርኔጣ ነው፣
ያውም የሌላ ሰው።
ባይ ዳር ነው፤ ዳር ላይ ቢሆን፣ አለች፣ በክንዱ እጎትተው ነበር።
ቱ ሲላት ቀና አለች፦
«እሱ ፖስታ ላይ የሚጻፈው አይደለም?
እኔ ለባሕር ማንንም አልላክሁም።»

ይህን የምጽፈው እኔ ያደግሁት በ«በ» ነው።
በ ከስሙ ጋር ተሰፍታ ስለምትወለድ
ብቻዋን ብርድ ላይ ቆማ አይቻት አላውቅም።
በባሕር ስል፣ ባሕሩ መንገዱ ይሁን ቤቱ፣ ወይስ ገዳዩ፣
ማንም አያፋጥጠኝም።
እንግሊዝኛ ግን ያቺን ሚጢጢ ቃል
ግራ ቀኟን አራቁቶ ያቆማታል፤
እንደ ምስክር አስምሎ ይጠይቃታል።

ሉዝቪሚንዳ ጣቷን ባዶው ላይ አሳርፋ ቆየች።
«ፍሮምስ?» አለች።
«ፍሮም አይሆንም፤ ስህተት ነው።
ፍሮም እኮ ከዚያ ተነሥቶ ለሚመጣ...»
አለና፣ ጭራውን ሳይጨርስ ዋጠው።

ቦርሳዋን ከፈተች። ሳንቲሞቹን
በአራት ክምር ደረደረች፣ ለአራት ፊደል።
ሙርዶ ሁለቱን ክምር ወደ እሷ ገፋ፤
የአት ሒሳብ ብቻ ወሰደ።

ቀዩ ድንጋይ ከፋሲካ በኋላ ተተከለ።
መጀመሪያ ቄሱ መጡ፣ በማግሥቱ ደግሞ
ጡረታ የወጡት አስተማሪ፣ ወይዘሮ ኢሶቤል፣
መነጽራቸውን እየወለወሉ፦
«ሙርዶ፣ ይቺ ቃል ተሳስታለች።»
«አውቃለሁ» አለ፣ አቧራውን ከጢሙ እያራገፈ፤
«ግራናይት ግን ጠመኔ አይደለም።»